ከአየሩ ጀምሩ፦ የገዛ ትራክን መንከባከብና መጠገን

(የዝግጅቱ መለያ ሙዚቃ ይሰማል፤ ቀስ እያለ ይጠፋል)

  የዛሬው ትምህርታዊ ዝግጅታችን እዚህ አሜሪካ በገዛ ትራካቸው ለሚሠሩ ወገኖቻችን ነው። እያሽከረከራችሁ የምታዳምጡ፣ ቁጥር ስጠራ ለመጻፍ አትሞክሩ። ዋና ዋናዎቹን እደግማቸዋለሁ።

ከገንዘቡ ልነሳ። የአሜሪካ የትራንስፖርት ምርምር ተቋም አንድ ትራክ በማይል ስንት እንደሚያስወጣ ከማመላለሻ ኩባንያዎች እየሰበሰበ በየዓመቱ ያሳትማል። በ2023 የጥገና ወጪው በማይል 20 ሳንቲም ገደማ ነበር። በዓመት 100 ሺህ ማይል ለሚነዳ ሰው 20 ሺህ ዶላር ማለት ነው። ጎማ እዚህ ውስጥ አልገባም፤ እሱ ለብቻው ይቆጠራል። ይህ የኩባንያዎች አማካይ መሆኑንም ልብ በሉ። ብዙ ማይል የሄደ ትራክ ገዝቶ ብቻውን የሚሠራ ሰው ከዚህ በላይ ቢያወጣ አይገርምም። መኪናው መንገድ ላይ ሲቆም ደግሞ ሌላ ሒሳብ ይከተላል፦ የጎታች መኪናው፣ የሆቴሉ፣ የቀረው ጭነት፣ ቅር ያለው ብሮከር።

ስለዚህ ብዙ ሰው ጥገና ልማር ብሎ የሚነሳው የጋራዥ ደረሰኝ ካንገበገበው በኋላ ነው። ምክንያቱ ተገቢ ነው። እኔ ግን ትልቁ ትርፍ ሌላ ቦታ ነው እላለሁ። መኪናውን የሚያውቅ ሰው ጋራዥ ሲገባ "የተሳቢው ፍሬን ሲረገጥ ብቻ አየር ያፈሳል፤ ከኋላ ሁለተኛው አክስል በግራ በኩል ነው" ይላል። መኪናውን የማያውቅ ሰው "አየር አይይዝልኝም" ይልና መካኒኩ ፈልጎ እስኪያገኝ ለእያንዳንዱ ሰዓት ይከፍላል። አንዳንዴም ያልተበላሸ ዕቃ ይቀየርለታል። ቁልፍ ከማንሳታችን በፊት መመርመር እንማር የምለው ለዚህ ነው። ችግሩን ራሱ ያገኘ ሰው ጥገናውን ለሌላ ቢሰጥ እንኳ ግማሹን ሥራ ሠርቷል።

ሀገር ቤት ረጅም መንገድ የሠራችሁ ታስታውሳላችሁ። ከባድ መኪና ያለ ረዳት አይወጣም ነበር። ረዳቱ ጎማ ሲፈታ፣ ግራሶ ሲሞላ፣ ክሪክ ሲያስገባ፣ ከሾፌሩ ቁጣም ምክርም ሲቀበል ቆይቶ አንድ ቀን መሪ ይይዛል። መንጃ ፈቃድ ሲያወጣ ከመኪናው ሥር ያለውን ነገር በእጁ ያውቀዋል። እዚህ መንገዱ ሌላ ነው። ትምህርት ቤት እንገባለን፣ ሲዲኤል እናወጣለን፣ ጥቂት ጊዜ ለኩባንያ እንነዳለን፣ ከዚያ ትራክ እንገዛለን። ያ የረዳትነት ዘመን ይዘለላል። በኋላ ማካካስ ይቻላል፤ ግን ከየት እንደሚጀመር ማወቅ ያስፈልጋል።

ብዙዎች ከዘይት ቅየራ ይጀምራሉ። እኔ ከአየሩ ጀምሩ እላለሁ። አንደኛ፣ በመንገድ ዳር ፍተሻ ትራኮችን ከአገልግሎት ውጭ ከሚያስደርጉት ጉድለቶች በየዓመቱ ቀዳሚውን ቦታ የሚይዘው ፍሬን ነው። የፍተሻውን መስፈርት እዩት፦ ከጠቅላላው ፍሬን 20 በመቶው ጉድለት ከተገኘበት መኪናው እዚያው ይቆማል። የተለመደው ባለ አምስት አክስል ትራክና ተሳቢ አሥር ፍሬን አለው። ሁለቱ ከተበላሹ አለቀ። ሁለተኛ፣ 80 ሺህ ፓውንድ ይዞ ከሮኪ ተራሮች ወደ ዴንቨር የሚወርድ ሰው በሞተር ብልሽት ጭነት ሊዘገይበት ይችላል፤ በፍሬን ብልሽት ግን ሰው ይገድላል። ሦስተኛ፣ አየሩን ለመፈተሽ ዕቃ መግዛት አያስፈልግም። መቀመጫችሁ፣ ሰዓታችሁና ዳሽቦርዱ ላይ ያሉት ሁለት መርፌዎች ይበቃሉ።

ፈተናውን ሁላችሁም ለሲዲኤል ስትፈተኑ ሠርታችሁታል። አብዛኛው ሰው ግን የሸመደደው ለፈታኙ ነው፤ መርፌው የሚነግረውን ለማንበብ አልተማረም። ቀስ ብለን እንሂድበት።

መኪናው ሜዳ ላይ ይቁም። ጎማዎቹን ከፊትም ከኋላም በታኮ ያዙ፤ የማቆሚያ ፍሬኑን እንለቃለንና ይህ የግድ ነው። ሞተሩን አስነሱና አየሩ እስኪሞላ ጠብቁ። ኮምፕረሰሩ በቃኝ ሲል የአየር ማድረቂያው ጭሽሽ ብሎ ይተነፍሳል። በዚያች ቅጽበት መርፌዎቹን ተመልከቱ። ብዙ ትራኮች ላይ ከ120 እስከ 140 ፒኤስአይ ባለው መካከል ይቆማሉ። የእናንተ መኪና የት እንደሚቆም እወቁና በቃላችሁ ያዙት። የዛሬ ወር ዝቅ ብሎ ቢቆም የሚታያችሁ ያን ጊዜ ነው።

አሁን ሞተሩን አጥፉና ቁልፉን ወደ ክፍት መልሱት። ቢጫውንም ቀዩንም መጫኛ ወደ ውስጥ ግፉ። መርፌዎቹ ይረጋጉ። መጀመሪያ ፔዳሉን ሳትነኩ አንድ ደቂቃ ተመልከቱ፤ ተሳቢ ለያዘ መኪና በደቂቃ ከ3 ፒኤስአይ በላይ መውረድ የለበትም። ቀጥሎ የእግር ፍሬኑን አጥብቃችሁ ርገጡ፣ የመጀመሪያው መውረድ ይለፍ፣ ከዚያ አንድ ደቂቃ ሙሉ ይዛችሁ ቆዩ። አሁን ልኩ 4 ነው። ልድገመው፦ ተሳቢ ለያዘ መኪና ሳይረገጥ 3፣ ተረግጦ 4። ትራኩ ለብቻው ከሆነ ሳይረገጥ 2፣ ተረግጦ 3።

እዚህ ጋ ነው ማንበብ የሚጀመረው። ፔዳሉን ሳትነኩ የሚያፈስ ከሆነ ችግሩ ሁልጊዜ አየር በሚይዘው መስመር ላይ ነው፦ ታንኩ፣ ቀዩ ቱቦ፣ የማቆሚያ ፍሬኑ ክፍል፣ ወይም አንዱ ቫልቭ። ሳትረግጡ ደህና ሆኖ ስትረግጡ ብቻ የሚወርድ ከሆነ ፍለጋው ስትረግጡ ብቻ አየር ወደሚያገኘው መስመር ይጠባል፦ ሰማያዊው ቱቦ፣ የየጎማው ቻምበር ውስጥ ያለው ላስቲክ፣ ወደዚያ የሚሄዱት ትናንሽ ቱቦዎች። ቀጥሎ ቀዩን መጫኛ ብቻ ስባችሁ ተሳቢውን ዝጉና ድገሙት። ማፍሰሱ ከቆመ በሽታው ያለው ከትራኩ ኋላ ነው። ከመቀመጫችሁ ሳትነሱ ፍለጋውን ከመኪናው ሩብ በታች አድርሳችሁታል። ይህ ትልቅ ዕውቀት ነው፤ ገንዘብም አያስወጣም።

ከመውረዳችሁ በፊት ፈተናውን ጨርሱት። ፔዳሉን እየረገጣችሁ እየለቀቃችሁ አየሩን አውርዱ። ወደ 60 ገደማ ሲደርስ መብራቱና ጩኸቱ መምጣት አለባቸው። ከ20 እስከ 45 ባለው መካከል ደግሞ ሁለቱም መጫኛዎች ራሳቸው ብቅ ማለት አለባቸው። ካላሉ ያ መኪና ጭነት አይይዝም።

አሁን አየሩን መልሳችሁ ሙሉና ውረዱ። ውኃ በፈሳሽ ሳሙና በጥብጣችሁ በመርጫ ጠርሙስ ያዙ። መጀመሪያ የምትሄዱበት ትራኩና ተሳቢው የሚገናኙበት፣ ግላድሃንድ የሚባሉት ሁለቱ የአየር እጆች ጋ ይሁን። በየእጁ ውስጥ ክብ ጎሚኒ አለ። ፀሐይ ያደርቀዋል፣ ብርድ ያሰነጥቀዋል፣ አሸዋ ይበላዋል። ሳሙናውን ርጩበት፤ አረፋ ከተነፋ አገኛችሁት። አየሩን ከመስመሩ አውጡ፣ አለያዩት፣ አሮጌውን ጎሚኒ በካቻቢቴ ፈልቅቁት፣ የተቀመጠበትን ቦይ በጨርቅ ጥረጉ፣ አዲሱን አጠፍ አድርጋችሁ አስገቡትና በጣታችሁ ዙሪያውን ተጫኑት። የዚህ ጎሚኒ ዋጋ ጥቂት ዶላር ነው። እኩለ ሌሊት ላይ መንገድ ዳር ለዚህ ሰው መጥራት ግን ኪስ ያራቁታል። ትርፍ ጎሚኒ የሌለው ባለ ትራክ መኖር የለበትም።

ታንኮቹንም አትርሱ። ከሥራቸው ማፍሰሻ አላቸው፤ የአንዳንዱ ገመዱ ሲሳብ ይከፈታል። የሚወጣውን በነጭ ጨርቅ ወይም በእጃችሁ መዳፍ ላይ እዩት። ጥቂት እርጥበት ብቻ ከሆነ ደህና። ውኃ ከፈሰሰ የአየር ማድረቂያው ካርትሪጅ አርጅቷል፤ ክረምት ላይ ሚኒሶታ ወይም ሰሜን ዳኮታ ስትገቡ ያ ውኃ ቫልቭ ውስጥ ይረጋና ፍሬኑ አልለቅም ይላችኋል። ወፍራምና ቅባታማ ጥቁር ነገር ከወጣ ኮምፕረሰሩ ዘይት እያሳለፈ ሊሆን ስለሚችል በባለሙያ ይታይ። ሳይቃጠል በቅጠል የሚባለው ለእንዲህ ያለው ጊዜ ነው።

(አጭር ሙዚቃ)

ደጋግሞ የሚደርሰን ጥያቄ አለ። "ስላክ አጀስተሩን ራሴ ባጠብቀው ምን ችግር አለው?" የሚል። አጭሩን መልስ አስቀድሜ ልስጥ፦ ሊያታልላችሁ ይችላል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ፔዳል ስትረግጡ አየሩ ቻምበሩ ውስጥ ገብቶ ፑሽሮድ የሚሉትን ዘንግ ይገፋል። ዘንጉ ስላክ አጀስተሩን ያዞራል፣ እሱ ኤስ ካሙን ያዞራል፣ ካሙ ሸራዎቹን ከታምቡሩ ጋር ያጣብቃል። ሸራው እየሳሳ ሲሄድ ዘንጉ ረጅም መንገድ መጓዝ ግድ ይለዋል። ጉዞው ከልክ ካለፈ የሚገፋው ኃይል ይደክማል። ዱሮ ይህን በየጊዜው በእጅ ማጥበቅ የሾፌሩ ሥራ ነበር። ከጥቅምት 1994 ወዲህ በአሜሪካ የተሠሩ የአየር ፍሬን ያላቸው ከባድ መኪናዎች በሙሉ ግን ራሱን የሚያስተካክል ስላክ አጀስተር እንዲኖራቸው ሕጉ ያስገድዳል።

እንግዲህ ራሱን ማስተካከል ያለበት ዕቃ ካላስተካከለ የሆነ ነገር ተበላሽቷል። ወይ እሱ ራሱ ሞቷል፣ ወይ የካሙ ቡሽ ተበልቷል፣ ወይ ማያያዣው ፒን ሳስቷል፣ ወይም መጀመሪያ ሲገጠም ተሳስቷል። በቁልፍ ስታጠብቁት ልኩ ለጥቂት ቀን ይስተካከላል፤ በሽታው ግን ያው አለ፣ እናንተም ድኗል ብላችሁ ቁልቁለት ትወርዳላችሁ። በ2003 በፔንስልቬኒያ ግሌን ሮክ የተባለች ከተማ አንድ ገልባጭ መኪና ቁልቁለት ላይ ፍሬኑ እምቢ ብሎት አራት የቤት መኪናዎችን ገጭቷል፣ ሕይወትም ጠፍቷል። አደጋውን የመረመረው የብሔራዊ ትራንስፖርት ደኅንነት ቦርድ ራስ አስተካካይ ስላክ አጀስተርን በእጅ ማጥበቅ እውነተኛውን ብልሽት እንደሚሸፍን አስጠንቅቋል። ይህን ለማስፈራራት አላነሳሁትም። ዛሬም በየማቆሚያው እንደ ብልሃት ከአንዱ ወደ ሌላው ሲተላለፍ ስለምሰማ ነው።

መለካት ግን ትችላላችሁ፤ መለካትም አለባችሁ። ሁለት ሰው ይጠይቃል። መኪናው በታኮ ተይዞ፣ የማቆሚያ ፍሬኑ ተለቅቆ፣ አየሩ ከ90 እስከ 100 ፒኤስአይ ላይ ሆኖ ሞተሩ ይጥፋ። ዘንጉ ከቻምበሩ በሚወጣበት አፍ ላይ በጠመኔ ምልክት አድርጉ። ጓደኛችሁ ፔዳሉን ሙሉ በሙሉ ይርገጥ። ምልክቱ ከአፉ ስንት እንደራቀ ለኩ። ብዙ ጊዜ ኋላ አክስሎች ላይ የምታገኙት ታይፕ 30 የሚባለው ቻምበር ነው፤ ልኩ 2 ኢንች ነው። ረጅም ጉዞ ያለው ዓይነት ከሆነ 2 ተኩል። ከዚህ ካለፈ ጋራዥ ግቡ፣ ምን እንደለካችሁም ንገሯቸው። የአየር ዲስክ ፍሬን ያላችሁ ይህ አይመለከታችሁም፤ የእናንተ ሌላ አሠራር ነው።

ራስን ስለማወቅ ሕጉም የሚለው አለ። የፌዴራሉ ደንብ ፍሬን የሚጠግን ሰው ሥራውን የሚያውቅና በሥልጠና ወይም በልምድ ቢያንስ የአንድ ዓመት ብቃት ያለው እንዲሆን ይጠይቃል። ለዓመታዊው ፍተሻም ተመሳሳይ ነገር አለ። የትራኩ ባለቤት መሆን ብቻውን ያንን ብቃት አይሰጥም።

አሁን የምናገረውን ሬዲዮውን ከፍ አድርጋችሁ ስሙኝ። ኋላ ጎማዎች ጋ ሁለት ጣሳ ተደርበው የሚመስሉ ቻምበሮች አሉ። ከሁለቱ ከዘንጉ የሚርቀው ውስጥ የማቆሚያ ፍሬኑ ስፕሪንግ ተጨምቆ ተቀምጧል። ይህ ስፕሪንግ ትራኩንም ጭነቱንም ይዞ የሚያቆም ነው። ክፍሉ በዘፈቀደ ከተከፈተ እንደ ጥይት ይወጣል። ሰው ገድሏል። ስለዚህ ያን ክፍል አትክፈቱ፣ በመዶሻ አትምቱ፣ ማሰሪያ ቀለበቱን አትፍቱ። የተበሳ ወይም የዛገ ካገኛችሁ ስፕሪንጉን በማሰሪያ ቡሎን አስሮ ሙሉውን መቀየር የሚያውቅ ሰው ይሥራው። በራሴ እችላለሁ የሚባልበት ቦታ አይደለም።

ከዚህ ወደ ቀለል ያለው ሥራ እንምጣ፣ ወደ ግራሶ። ለጀማሪ ከዚህ የተሻለ አስተማሪ የለም፤ ግራሶ ለመሙላት ከመኪናው ሥር መግባት ግድ ነው፣ ሥሩ የገባ ሰው ደግሞ ሌላውንም ያያል። የመሪው መገጣጠሚያዎች፣ የፊት ጎማ ፒኖች፣ የካርዳኑ መስቀሎች፣ ስላክ አጀስተሮቹ፣ የኤስ ካሙ ቡሾች፣ ተሳቢው የሚቀመጥበት ፊፍዝ ዊል። መጀመሪያ የመሙያውን ጡት በጨርቅ ጥረጉ፤ ካልጠረጋችሁት አሸዋውን ከግራሶው ጋር ታስገባላችሁ። ከዚያ አሮጌው ጥቁር ግራሶ ወጥቶ አዲሱ እስኪታይ ግፉ። ኤስ ካሙ ጋ አንድ ጥንቃቄ አለ። ግራሶው መውጣት ያለበት በስላክ አጀስተሩ በኩል ነው። በሸራው በኩል ከወጣ ማገጃው አልቋልና ወዲያው አቁሙ። ግራሶ የጠጣ ሸራ አይይዝም።

ስለ ጎማ ብዙ አልልም፤ የምላቸውን ግን አጥብቃችሁ ያዙ። የጥርሱ ጥልቀት ከፊት ከ4 ሠላሳ ሁለተኛ ኢንች፣ ከሌላው ከ2 ሠላሳ ሁለተኛ ኢንች እንዳያንስ። ንፋሱን በመለኪያ ለኩ፤ በዱላ መምታት ንፋሱ የቀነሰውን ጎማ ከሌላው አይለይም። ንፋሱ ከልኩ 80 በመቶና ከዚያ በታች ሆኖ የተነዳ ጎማን እናንተው መልሳችሁ አትንፉት። የጎኑ ሽቦዎች ደክመው ከሆነ እየተነፋ ሳለ ሊፈነዳ ይችላል። ጎማ ቤቱ ብረት ማጎሪያ ውስጥ አድርጎ የሚነፋው ለዚህ ነው። ጎማ ከተቀየረ በኋላ ደግሞ ቡሎኖቹ እንደገና ይፈተሹ። ዛሬ አብዛኛው ትራክ ላይ ያለው ዓይነት ቡሎን ከ450 እስከ 500 ፉት ፓውንድ ይጠብቃል፤ ከ50 እስከ 100 ማይል ተነድቶ በቶርክ ቁልፍ እንደገና ይታያል። ከቡሎኑ ሥር በቸርኬው ላይ የዝገት ጅራት የወረደ ካያችሁ ያ ቡሎን ላልቷል። በጎማው የውስጥ ጎን ዘይት ከረጨ የኩሽኔታው ማገጃ አልቋል፤ ያንን ይዞ አይነዳም።

ወደ ሞተሩ ስንመጣ በገዛ እጃችሁ የምትሠሩት ብዙ አለ፦ ዘይት፣ ፊልትሮ፣ ቺንጋ። ዘይቱ 10 ጋሎን ገደማ ስለሆነ አሮጌውን የምታስረክቡበትን ቦታ አስቀድማችሁ እወቁ። እኔ የምለምናችሁ ግን ዘይት ስትቀይሩ ናሙና ወስዳችሁ ለላብራቶሪ እንድትልኩ ነው። በጥቂት ገንዘብ ሞተሩ ውስጥ ያለውን ይነግሯችኋል። ሶዲየምና ፖታሲየም ከጨመረ የራዲያተሩ ውኃ ወደ ዘይቱ እየገባ ሊሆን ይችላል። ሲሊከን ከጨመረ ብዙ ጊዜ አቧራ ነው፤ የአየር ፊልትሮውንና ቱቦዎቹን ተመልከቱ። ናፍታ ከተገኘበት ኢንጀክተር ጋ ይኬዳል። እርሳስና መዳብ አብረው ሲወጡ ኩሽኔታዎቹ እየተበሉ እንደሆነ ጠርጥሩ። አንድ ወረቀት ብቻውን ብዙ አይናገርም፤ ሦስት አራቱን ጎን ለጎን ስታስቀምጡ ነው ሞተሩ ወዴት እየሄደ እንደሆነ የሚታየው።

ኤሌክትሪኩ ብዙ ሰው ያስፈራል። አንድ ርካሽ መልቲሜትር ፍርሃቱን ያቀልለዋል። ያደረ ሙሉ ባትሪ 12.6 ቮልት ገደማ ያሳያል። ሞተሩ ሲሠራ ከ13.8 እስከ 14.4 አካባቢ ካልደረሰ ዲናሞው ወይም ሽቦው ይጠረጠር። ሞተሪኖው ሞተ ተብሎ ከተቀየረ በኋላ ችግሩ የዛገ የመሬት ሽቦ ሆኖ የተገኘበት ጊዜ ብዙ ነው። ስለዚህ ዕቃ ከመግዛታችሁ በፊት ጫፎቹን ፍቱ፣ በሽቦ ብሩሽ አጽዱ፣ መልሳችሁ አጥብቁና እንደገና ለኩ። ባትሪ ስትፈቱ ኔጌቲቩ ይቅደም፣ ስትገጥሙ ኔጌቲቩ ይከተል።

የጭስ ማጣሪያው ነገር ራሱን የቻለ ዝግጅት ይፈልጋል። ዛሬ ይህን ያህል ልበል። ከ2007 ጀምሮ የጥላሸት ማጣሪያው፣ ከ2010 ጀምሮ ዴፍ የሚገባበት ሥርዓት የትራኮቻችን አካል ሆነዋል። ማጣሪያው ራሱን ሲያጸዳ የሚያቃጥለው ጥላሸቱን ነው፤ ከሞተር ዘይት የሚመጣው አመድ አይቃጠልም፣ ተፈትቶ በማሽን መጽዳት አለበት። መብራት በበራ ቁጥር ሴንሰር ከመግዛት ኮዱን የሚያነብ መሣሪያ ይኑራችሁ፣ ቀጥሎም የሴንሰሩን ሽቦና ሶኬት እዩ። ዴፉ ከመቀነስ 11 ዲግሪ ሴልሺየስ ጀምሮ እንደሚረጋም እወቁ፤ ትራኩ ራሱ ያሞቀዋል፣ ትርፍ የያዛችሁትን ግን ውጭ አትተዉት። ማጣሪያውን አውጥቶ መጣል፣ "ዲሊት" የሚሉት፣ በፌዴራሉ የንጹሕ አየር ሕግ የተከለከለ ነው። የሚያወጣላችሁ ሰው ርካሽ ዋጋ ቢጠራም መኪናውን ስትሸጡት ወይም ስትፈተሹ ያ ዋጋ ይመለስባችኋል።

ታዲያ የት እንማር? ብዙ የኮሚኒቲ ኮሌጆች የዲዝል ትምህርት አላቸው፤ የማታ ክፍል ካለ ጠይቁ፣ አንድ የፍሬን ወይም የኤሌክትሪክ ኮርስ ብቻ መውሰድም ይቻላል። ቤንዲክስ የሚባለው የፍሬን ዕቃ አምራች የአየር ፍሬን መማሪያ መጽሐፉን በነጻ ያሰራጫል፤ ሥዕሎቹ ግልጽ ስለሆኑ እንግሊዝኛው ቢከብዳችሁ እንኳ ትከተሉታላችሁ። የትራካችሁን አምራች የጥገና መመሪያ አውርዱና ስለ ግራሶው፣ ስለ ዘይቱና ስለ ኩላንቱ የሚለውን ክፍል ደጋግማችሁ አንብቡ። ቪዲዮም ይረዳል፤ የሌላ ሰው ሞተር ላይ የሠራው የእናንተ ላይ ላይሠራ እንደሚችል ግን አትርሱ። ከሁሉ በላይ ጥሩ መካኒክ ስታገኙ ወዳጅ አድርጉት። የተቀየረውን አሮጌ ዕቃ አሳየኝ፣ የት ጋ ነው የተበላው ብላችሁ ጠይቁት። ጨዋ መካኒክ ይህን ጥያቄ ይወደዋል። መልስ የሚነፍጋችሁ ከሆነ ሌላ ፈልጉ።

ዕቃ ሁሉን በአንድ ቀን አትግዙ። የጎማ መለኪያ፣ የግራሶ መግፊያ፣ መልቲሜትር፣ የቁልፎች ስብስብ፣ ጥሩ የራስ መብራት፣ ጓንት፣ መነጽር፣ ታኮ ለመጀመሪያው ዓመት ይበቃሉ። ትርፍ ደግሞ የግላድሃንድ ጎሚኒ፣ የናፍታ ፊልትሮ፣ ፊውዝ፣ የመብራት አምፖል፣ አንድ ጋሎን ኩላንት። የናፍታ ፊልትሮውን በተለይ ክረምት ላይ አትለዩት፤ ናፍታው በብርድ ሲረጋ መጀመሪያ የሚዘጋው እሱ ነው። በክሪክ ብቻ ከተነሳ መኪና ሥር መቼም አትግቡ። ሞተሩ ሲግል የራዲያተሩን ክዳን አትንኩ።

የመጨረሻው ነገር ወረቀቱ ነው፤ ችላ የሚባለውም እሱ ነው። የሠራችሁትን ሁሉ ጻፉ፦ ቀኑን፣ ማይሉን፣ ምን እንደተሠራ፣ ማን እንደሠራው። ደረሰኙን አብራችሁ አስቀምጡ። የፌዴራሉ ደንብ የጥገና መዝገብ ለአንድ ዓመት፣ መኪናው ከእጃችሁ ከወጣ በኋላም ለስድስት ወር እንዲቀመጥ ያዛል። ለኩባንያ በሊዝ የምትሠሩ ከሆነ ቅጂውን ለኩባንያው መስጠት ይኖርባችኋል። የራሳችሁን ጥገናም አትዝለሉ፤ በገዛ እጃችሁ የቀየራችሁት ጎሚኒ እንኳ መዝገቡ ላይ ይግባ። አንድ ሰው ትራካችሁን ሊገዛ ሲመጣ መጀመሪያ የሚያገላብጠው ያንን መዝገብ ነው።

በሚቀጥለው ዝግጅታችን ስለ ጭስ ማጣሪያውና ስለ ኮዶቹ አንድ በአንድ እንነጋገራለን። ጥያቄ ያላችሁ የትራካችሁን ዓመተ ምሕረት፣ የሞተሩን ዓይነትና ያያችሁትን ኮድ ጽፋችሁ ላኩልን።  መልካም ጉዞ።

(የመዝጊያ ሙዚቃ)